የአርማታና የብረት መፈተኛ ከባድ መኪና የሚቆምበትን ቦታ ስለ ማዘጋጀት

ለመስኖ የሚሠራ ግድብ፥ ወንዝ የሚቀለብስ ግንብ፥ በስሚንቶ የተለበጠ ቦይ፥ የእህል መጋዘንና ወደ ገበያ የሚያሻግር ድልድይ ኹሉ የሚጸኑት በሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም በአፈር፥ በአርማታና በብረት ነው። አርማታው ጠንካራ ይኹን ደካማ ዓይን አይቶ ሊፈርድ አይችልም። በአሸዋው ውስጥ ጭቃ ቢበዛ፥ ስሚንቶው ቢያንስ ወይም ውኃው ከልክ ቢያልፍ፥ ሥራው ከደረቀ በዃላ ላዩ እንደ መልካሙ ኾኖ ይታያል። ጉድለቱ የሚገለጸው ወይ በመፈተኛ መኪና፥ ወይ በክረምት ጎርፍ ነው። በጎርፍ የተገለጸ እንደ ኾነ ግን ከግንቡ በታች ያለው ገበሬ እርሻውንና ከብቱን፥ አንዳንድ ጊዜም ቤተ ሰቡን ያጣል።

ስለዚህ ከሥራው አቅራቢያ የመመርመሪያ ቤት (ላቦራቶሪ) ለማቋቋም ማሰብ መልካም ነው። ነገር ግን በዚህ አሳብ ላይ የአካኼድ ስሕተት በቀላሉ ይገባል፤ ይኸውም መኪናው አስቀድሞ ይገዛል፥ ከወደብም ይመጣል፥ ቦታው ግን የሚታሰበው ሣጥኑ በግቢ ውስጥ ከተራገፈ በዃላ ነው። ያን ጊዜ ባዶ ክፍል ይፈለጋል፤ በተገኘው ሊሾ ላይ መኪናው ይቆማል፤ በኹለተኛው ክረምት ወለሉ ይሰነጠቃል፥ መኪናውም ያዘነብላል። ማንም ግን ይህን ልብ አይልም፤ ቍጥሩ እንደ ወትሮው ይወጣልና። ሊፈራ የሚገባውም ይኸው ነው፤ ጨርሶ የቆመ መኪና ማንንም አያታልልም፥ እየሠራ የሚሳሳት መኪና ግን በማኅተም የታተመ ሐሰት ያወጣል።

አስቀድሞ መኪናው ምን እንደሚሠራ መረዳት ያስፈልጋል። በሥራው ቦታ ከሚፈሰው አርማታ ጥቂት ተቀንሶ፥ በየወገኑ 15 ሴንቲ ሜትር በኾነ የብረት ቅርጽ ውስጥ ይሞላል። ይህ ኩብ ይባላል፤ ሲደርቅ ክብደቱ 8 ኪሎ ያኽላል። ከቅርጹ ወጥቶ በውኃ ውስጥ ሲቆይ ሰንብቶ፥ በ28ኛው ቀን በመኪናው ኹለት የብረት ገበታዎች መካከል ገብቶ እስኪሰበር ድረስ ይጨመቃል። የሰበረው ኃይል ለኩቡ ፊት ስፋት ሲካፈል የአርማታው ጥንካሬ ይታወቃል። የኩቡ ፊት 22,500 ካሬ ሚሊ ሜትር ስለ ኾነ፥ በያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 25 ኒውተን የሚችል አርማታ የሚሰበረው በ562.5 ኪሎ ኒውተን፥ ማለት በ57 ቶን ገደማ ሸክም ነው። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚገዛው መኪና እስከ 2,000 ኪሎ ኒውተን ይጨምቃል፤ ይህም ከ200 ቶን ይበልጣል።

ይህን ቍጥር የሰማ ሹም፥ 200 ቶን የሚሸከም ወለል ከየት ይመጣል ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። ድንጋጤው አያስፈልግም። ሰው በኹለት እጁ መካከል ሎሚ ይዞ አጥብቆ ቢጨምቅ፥ እግሩ የቆመበት ምድር የጭመቃውን ኃይል አያውቀውም፤ አንዱ እጅ የገፋውን ሌላው እጅ ይመልሰዋልና። መኪናውም እንዲሁ ነው። ራሱና እግሩ በወፍራም የብረት ዓምዶች የተያያዙ ስለ ኾኑ፥ ዘይቱ ኩቡን ከታች ወደ ላይ ሲገፋው ራሱ ደግሞ ወደ ታች ይመልሰዋል፤ ኃይሉም በዓምዶቹ መካከል ተዘግቶ ይቀራል። ወለሉ የሚሸከመው የመኪናውን የራሱን ክብደት ነው፤ ይህም ለተራው የኩብ መጭመቂያ ብዙውን ጊዜ ከ10 ኩንታል ገደማ ጀምሮ ነው፤ ትክክለኛው ክብደት በአምራቹ ወረቀት ላይ ይገኛል። የአርማታ ብረት (ፌሮ) እየጎተተ የሚበጥሰው መኪና ከዚህ የበለጠ ከባድና ረጅም ነው። እንግዲህ ለወለሉ የሚቀርበው ጥያቄ፥ ሳይንቀሳቀስና ሳያዘነብል ዘመኑን ኹሉ ይቆያል ወይ? የሚል ነው።

ማዘንበል የሚያመጣው ጉዳት እንደሚከተለው ነው። ኩቡን የሚገፋው ፒስተን በዘይት ተከቦ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ይንሸራተታል። በብዙዎቹ የኩብ መጭመቂያዎች የሚነበበው ቍጥር የሚገኘው ከዚሁ ዘይት ግፊት ነው። መኪናው ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ወይም የተጣመመ እንደ ኾነ፥ ፒስተኑ የቀዳዳውን ግድግዳ ይፈትጋል። ከዘይቱ ኃይል ከፊሉ ፍትጊያውን ለማሸነፍ ይውልና ወደ ኩቡ ሳይደርስ ይቀራል፤ መለኪያው ግን ኹሉም ደረሰ ብሎ ይቈጥራል። በዚህም ምክንያት ደካማው አርማታ ጠንካራ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ስሕተቱ ወደ ሌላው ወገን ቢኾን ኖሮ፥ ማለት መልካሙን አርማታ ደካማ ቢያደርገው፥ ሥራ ተቋራጩ ራሱ ይጮኽ ነበር፤ ደካማውን ሲያሞግሰው ግን የሚጮኽ አይገኝም።

ኹለተኛው ጉዳት ከቡሎኑ ይመጣል። ወለሉ ሳይስተካከል የመኪናው እግር በቡሎን በኃይል ቢታሠር፥ ብረቱ የወለሉን ጕብጠት ተከትሎ ይጣመማል። ሦስተኛው ደግሞ ድንጋጤ ነው፤ ጠንካራ ኩብ ወይም ወፍራም ፌሮ ሲሰበር በዓምዶቹ ውስጥ ተጠራቅሞ የነበረው ኃይል በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፥ መኪናውም ይዘላል። ስለዚህ የግራም ሚዛን ከዚህ መኪና ጋር በአንድ ወለል ላይ አይቀመጥም።

ቤትን በመኪና ልክ ማዘጋጀት ዛሬ የተገኘ ጥበብ አይደለም። ዳዊት ከርካልዲ የሚባል የስኮትላንድ ሰው፥ ሊድስ በሚባለው የእንግሊዝ ከተማ ያሠራውን ታላቅ የብረት መፈተኛ ይዞ በ1866 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በሎንዶን ከተማ፥ ሳውዝዋርክ በተባለው ሰፈር የመፈተኛ ቤቱን ከፈተ። መኪናው ተጋድሞ የሚሠራ ሲኾን ርዝመቱ ከ14 ሜትር፥ ክብደቱም ከ110 ቶን ይበልጣል፤ ኃይሉ 450 ቶን ያኽላል። ኋላም በ1874 በዚያው ሰፈር ሌላ ቤት ለዚሁ ሥራ ተብሎ ተሠራና መኪናው ወደዚያ ገባ፤ ይህን የሚያኽል ብረት በተራ ቤት ፎቅ ላይ ሊቀመጥ ስለማይችል ቦታው የምድር ቤቱ ኾነ። በታኅሣሥ (ዲሴምበር) 28 ቀን 1879 በስኮትላንድ አገር ታይ በሚባለው የወንዝ አፍ ላይ የተዘረጋው የባቡር ድልድይ በዐውሎ ነፋስ ከነባቡሩ ሲወድቅ፥ በባቡሩ ላይ የነበሩት ኹሉ ሞቱ። ከፍርስራሹ የተለቀሙት ብረቶች የተፈተኑት በከርካልዲ ቤት ነበር፤ ማሠሪያዎቹን የያዙት የቀለጠ ብረት ጆሮዎች ከታሰበላቸው እጅግ ባነሰ ኃይል እንደሚሰበሩ ታወቀ። እንዲህ ያለው ቍጥር ሊታመን የሚችለው መኪናው ባልተነቃነቀ ቦታ ላይ የቆመና በየጊዜው የተመረመረ ሲኾን ነው። ቤቱ ከነመኪናው ዛሬ ሙዚየም ኾኖ ይታያል።

ስለ መሬቱ

በእኛ አገር ደጋና ወይና ደጋ አንድ ትልቅ ጣጣ አለ። ይኸውም በየአገሩ ዋልካ፥ መረሬ፥ ኮትቻ እየተባለ የሚጠራው ጥቍር አፈር ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ ይህ አፈር የያዘው መሬት ወደ 12.6 ሚሊዮን ሔክታር ይገመታል። በበቾ ሜዳ፥ በአድአ፥ በእነዋሪ፥ በፎገራና በደንቢያ የሠራ የእርሻ ሹም ጠባዩን ከማንም መሐንዲስ ይልቅ ያውቀዋል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፥ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፥ ስንጥቁም ብዙ ጊዜ ከ1 ሜትር በላይ ይወርዳል። ለጤፍና ለሽምብራ የተመቸው ይህ ጠባይ ለመፈተኛ መኪና የማይመች ነው። አፈሩ ሲያብጥ በእኩልነት አይነሣም፤ ውኃ ባገኘበት ወገን ይነሣል፥ በደረቀው ወገን ይቀራል። ከላዩ ያለው ቀላል የምድር ቤት ወለልም ይህን ለመጫን ክብደት የለውም፤ እንደ ድፎ ዳቦ ገበታ ከመካከሉ ይነሣል ወይም ከዳሩ ይወርዳል።

ስለዚህ የቦታ ምርጫ የሚጀመረው ከካርታ ሳይኾን ከጕድጓድ ነው። በታሰበው ቦታ ላይ ቢያንስ 3 ሜትር የሚወርድ የመመርመሪያ ጕድጓድ ተቆፍሮ፥ ጥቍሩ አፈር የት እንደሚያልቅ፥ ከሥሩም ቀይ አፈር፥ ገረጋንቲ ወይም አለት መኖሩ ይታያል። በከተማው ውስጥ ጥቍሩ አፈር የሌለበት ከፍ ያለ ቦታ ካለ፥ ከመሥሪያ ቤቱ ራቅ ቢልም እርሱን መምረጥ ይሻላል። ለመኪና የሚወጣው የመንገድ ወጪ ለመሬት ከሚወጣው የማረሚያ ወጪ ያንሳልና።

አፈሩ ምን ያኽል እንደሚያብጥ ለማወቅ ብዙ መሣሪያ የማይጠይቅ ፈተና አለ። ከጕድጓዱ የወጣው አፈር ደርቆና ተፈጭቶ፥ 0.425 ሚሊ ሜትር ዓይን ባለው ወንፊት ይነፋል። ከዚህ 10 ሲሲ ተለክቶ፥ 100 ሲሲ በሚይዝና መስመር በተጻፈበት የብርጭቆ መለኪያ ውኃ ውስጥ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። እስኪረጋ ድረስ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ይተዋል። የረጋው አፈር 10 ሲሲ የነበረው 20 ሲሲ ከኾነ እብጠቱ መቶ በመቶ ነው፤ እንዲህ ያለው አፈር ወይም ከዚህ የበለጠው ቀላል ቤትን ለማናጋት ይበቃል። እብጠቱ ከመቶ 50 በታች የኾነ አፈር ይህን የመሰለ ጣጣ የሚያመጣው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

ጥቍር አፈር ከሌለበት ቦታ የታጣ እንደ ኾነ፥ አፈሩ ተጠርጎ መውጣት አለበት። ጥልቀቱ ከ1 ሜትር ተኩል የማይበልጥ ከኾነ እስከ ጽኑው መሬት ድረስ ቆፍሮ ኹሉንም ማውጣት ይሻላል። ከዚያ የጠለቀ ከኾነ ምን ያኽሉ እንደሚወጣና ምን ያኽሉ እንደሚቀር መሐንዲስ ይወስን፤ ይህ በግምት የሚሠራ አይደለም። የወጣው አፈር ለመሙያ አይመለስም፤ ለእርሻ ይውሰዱት።

በመሙያው ነገር የሚደረግ አንድ ስሕተት አለና በሰፊው ሊነገር ይገባዋል። ሬድ አሽ የሚባለው ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር በብዙ ቦታ በርካሽ ይገኛል፤ ስለማያብጥም ለመሙያ የተመቸ ይመስላል። ነገር ግን በዋልካ ውስጥ የተቆፈረ ጕድጓድ እንደ ገንቦ ነው፤ ግድግዳውና ወለሉ ውኃ አያሳልፉም። በዚህ ገንቦ ውስጥ ወንፊት የመሰለ ጠጠር ቢሞላ፥ የክረምት ውኃ ከየአቅጣጫው ገብቶ ይጠራቀምና ከሥሩ የቀረውን ጥቍር አፈር ዓመቱን በሙሉ ያጠጣዋል። ከዚህ ይልቅ የማያብጥና ውኃን በቀላሉ የማያሳልፍ፥ ደቃቅና ጠጠር የተቀላቀለበት ገረጋንቲ ይሻላል። በ15 ወይም በ20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እየተደለደለና ልኩን ያገኘ ውኃ እየተረጨበት በመደልደያ ይጠቀጠቃል፤ እያንዳንዱ ድርብርብ ሳይለካ ሌላው አይጨመርበትም።

ጊዜውም ይታሰብበት። ቁፋሮው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወራት ቢኾን ይመረጣል፤ በልግ የሚዘንብባቸው አገሮች ደግሞ ከዚያው በፊት ይጨርሱ። የተከፈተ ጕድጓድ ዝናብ አግኝቶት ቢያድር ሥሩ ጭቃ ይኾናል፤ ብዙ ቀን ፀሐይ ቢመታውም ሥሩ ይደርቅና ኋላ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል። ስለዚህ ቁፋሮና ሙሌት እርስ በርስ ይከታተሉ፤ የመሙያው ገረጋንቲ በግቢው ሳይከመር አካፋ አይነሣ።

ስለ ውኃና ስለ ዛፍ

መሬቱ ከተዘጋጀ በዃላ የሚያበላሸው ውኃ ነው፤ ከውኃም ኹሉ የሚከፋው ቤቱ ራሱ የሚያመጣው ውኃ ነው። ኩቦቹ የሚቆዩበት ገንዳ ርዝመቱ 2 ሜትር፥ ስፋቱ 1 ሜትር፥ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር ቢኾን 12 ኩንታል ውኃ ይይዛል፤ 60 ኩብ ሲገባበት ጠቅላላው ክብደት ወደ 15 ኩንታል ይደርሳል። ይህ ማንም እንደ ከባድ ዕቃ የማይቈጥረው ገንዳ ከመጭመቂያው መኪና ሊከብድ ይችላል፤ በዚያ ላይም ያንጠባጥባል። ገንዳውን ከመኪናው መሠረት አጠገብ ማኖር ለመሠረቱ መርዝ እንደ ማጠጣት ነው። በቤቱ ሌላ ጫፍ ይቀመጥ፤ ወለሉ ወደ ውጭ ያዘንብል፤ የሚፈሰው ውኃ በተዘጋ ቱቦ ከቤቱ ቢያንስ 5 ሜትር ርቆ ይውጣ። ከጣራ የሚወርደው ዝናብም በአሸንዳ ተይዞ ወደ ቦይ ይግባ፤ በግድግዳው ዙሪያም ወደ ውጭ ያዘነበለ የ1 ሜትር ተኩል የስሚንቶ ደረት ይሠራ።

ባሕር ዛፍ ደግሞ የውኃ ተቃራኒ ኾኖ ያንኑ ጉዳት ያመጣል። ሥሩ በበጋ ከቤቱ ሥር ያለውን እርጥበት መጥጦ በአንድ ወገን ያለውን አፈር ያኰማትረዋል። በመመርመሪያ ቤቱ ዙሪያ ዛፉ አድጎ በሚደርስበት ቁመት ልክ ርቀት ውስጥ ባሕር ዛፍ አይተከል። ቀድሞ የነበረ ከኾነ ቆርጦ ወዲያው መሥራት አይገባም፤ ደርቆ የነበረው አፈር ውኃ መልሶ አግኝቶ እስኪረጋ ቢያንስ አንድ ክረምት ይለፈው።

ስለ መሠረቱ

ለተራው የኩብ መጭመቂያ ከወለሉ የተለየ የአርማታ ጕማጅ ይሠራለታል። ለምሳሌ በየወገኑ 1 ሜትር ተኩል፥ ውፍረቱም 40 ሴንቲ ሜትር ቢኾን 9 አሥረኛ ሜትር ኩብ ይኾናል፤ ክብደቱ ከ21 ኩንታል በላይ ነው። ለትልቁ የፌሮ መበጠሻ ግን የአምራቹ ሥዕል ያዘዘው ይሠራል፤ አንዳንዱ ከወለሉ በታች ጕድጓድ ስለሚጠይቅ ሥዕሉ ከመኪናው በፊት መጠየቅ አለበት። በጕማጁና በቀሪው ወለል መካከል 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተትቶ በሬንጅ ይሞላል፤ ወለሉ ቢነሣ መሠረቱን ይዞት እንዳይነሣ፥ የኩቡም ድንጋጤ ወደ ቤቱ እንዳይተላለፍ ነው። ፌሮው ከላይም ከታችም በኹለት አቅጣጫ ይዘረጋል።

ለቡሎኖቹ የሚኾነው ቀዳዳ አርማታው ሲፈስስ በእንጨት ሣጥን ይተዋል። ቡሎኑን አስቀድሞ በአርማታው ውስጥ መቅበር ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ ቡሎን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢሳሳት መኪናው አይገባም፥ ያን ጊዜም የመኪናውን እግር በእሳት መቅደድ ይመጣል። አርማታው ሰባት ቀን እርጥብ ኾኖ ይጠበቅ፤ ሸክም የሚጫንበት ግን 28 ቀን ከሞላው በዃላ ነው። ከዚህ መሠረት ከፈሰሰው አርማታ ላይ ኩብ ተወስዶ በሌላ መመርመሪያ ቤት ቢፈተን ተገቢ ነው።

መኪናው በቦታው ከቆመ በዃላ በቀጫጭን የብረት ሽብልቆች እየተነሣ ይስተካከላል። እዚህ ላይ የግንበኛ ውኃ ልክ አይበቃም። አንዳንድ አምራቾች በ1 ሜትር ርዝመት ከ0.2 ሚሊ ሜትር የበለጠ ማዘንበልን አይፈቅዱም፤ የግንበኛው ውኃ ልክ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያኽል ራሱ ይስታል። የመካኒክ ውኃ ልክ ከአምራቹ ጋር በውል ውስጥ ይጠየቅ። ከተስተካከለ በዃላ የቡሎኑ ቀዳዳና ከእግሩ ሥር ያለው ክፍተት በማይኰማተር ልውስ ይሞላል፤ ቡሎኖቹ የሚጠብቁት ልውሱ ከደረቀ በዃላ ነው፥ ጥብቀታቸውም መኪናው እንዳይንሸራተት ያኽል ይኹን እንጂ ብረቱን እስኪያጣምም አይኹን።

የአፈር መደብደቢያው

ስለ ትልቁ መኪና ሲታሰብ የሚረሳ አንድ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ለአፈር ግድብ ግን ከትልቁ ይልቅ ይበልጣል። በ1933 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ፕሮክተር የሚባል የካሊፎርኒያ መሐንዲስ፥ የአፈር ግድብ ሲሠራ አፈሩ ምን ያኽል መጠቅጠቅ እንዳለበት የሚወስን ፈተና አሳተመ። ዛሬ በተለመደው አሠራር፥ አፈሩ በብረት ቅርጽ ውስጥ በሦስት ድርብርብ ይገባል፤ እያንዳንዱም ከ30 ሴንቲ ሜትር ተኩል ከፍታ በሚወርድ 2 ኪሎ ተኩል መዶሻ 25 ጊዜ ይመታል። ከዚህ የሚገኘው ትልቁ ድርቅ ክብደት ለግድቡ ሥራ መመዘኛ ይኾናል፤ በግድቡ ላይ የተጠቀጠቀው አፈር ለምሳሌ የዚህን ክብደት ከመቶ 95 እጅ ሊደርስ ይገባዋል።

ቅርጹ በጠረጴዛ ወይም በሚንቀጠቀጥ ወለል ላይ ቢቀመጥ፥ የመዶሻው ኃይል ከፊሉ ወደ ጠረጴዛው ይኼዳል፥ አፈሩም በሚገባ አይጠቀጠቅም። ለምሳሌ እውነተኛው ክብደት በሜትር ኩብ 1,600 ኪሎ ሊኾን ሲገባው 1,520 ተብሎ ተጻፈ እንበል። የ1,520 ከመቶ 95 እጅ 1,444 ነው። በግድቡ ላይ 1,444 የተገኘ እንደ ኾነ ተቈጣጣሪው አልፏል ብሎ ይፈርማል፤ ነገር ግን 1,444 የእውነተኛው ክብደት ከመቶ 90 እጅ ያኽላል እንጂ 95 አይደለም። ግድቡ ልል ኾኖ ውኃ ይያዝበታል። ይህን ለመከላከል የሚጠየቀው ከ91 ኪሎ የማያንስ የአርማታ ጕማጅ በጽኑ ወለል ላይ ማኖርና ቅርጹን በላዩ ላይ አድርጎ መምታት ብቻ ነው። አንድ ግንበኛ በአንድ ቀን የሚሠራው ነገር ነው።

ስለ ቤቱ

በሩ ከመኪናው ሣጥን ስፋት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይስፋ፤ ወይም አንዱ ግድግዳ መኪናው እስኪገባ ሳይዘጋ ይቆይ። ከመኪናው ራስ በላይ ሰንሰለት ማንሻ የሚሰቀልበት ብረት ይኑር፤ በዙሪያውም 1 ሜትር ክፍት ይተው፤ መርማሪና ጠጋኝ ከዃላው መድረስ ካልቻለ በየዓመቱ መኪናውን ማንቀሳቀስ ይመጣልና።

የመብራት ኃይሉ ሦስት ፌዝ 380 ቮልት ወይም አንድ ፌዝ 220 ቮልት መኾኑ ከግዢው ትእዛዝ በፊት በጽሑፍ ይረጋገጥ። ኃይሉ እየወረደ የሚወጣ ከኾነ ማስተካከያ (ስታቢላይዘር) ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ኩቡ የሚጨመቅበት ፍጥነት በመጠን የተወሰነ ነው፤ ለ15 ሴንቲ ሜትሩ ኩብ በሰከንድ 13.5 ኪሎ ኒውተን ያኽላል። ከዚህ እጅግ የፈጠነ ጭመቃ አርማታውን ከእውነቱ ጠንካራ አስመስሎ ያሳያል። ጀኔሬተር የሚገዛ ከኾነም ከፍ ባለ አገር ሞተሩ ኃይሉ ስለሚቀንስ፥ የከተማው ከፍታ ለሻጩ ይነገረው። የኩቡ ገንዳ ውኃ 20 ዲግሪ ገደማ እንዲኾን ይፈለጋል፤ በደጋ ሌሊት ይቀዘቅዛል፥ በቆላ ቀን ይሞቃል፤ ገንዳው ክዳንና ቴርሞሜትር፥ በደጋም ማሞቂያ ይኑረው።

ስለ ማረጋገጫ

መኪናው ከፋብሪካ የመጣበት የልክ ወረቀት ለፋብሪካው ወለል የተጻፈ ነው። ተፈትቶ ወደ ሌላ ቦታ የተወሰደ መኪና በአዲሱ ቦታ እንደገና መረጋገጥ አለበት፤ ከዚያም በየ12 ወሩ። የሚያረጋግጠው ባለሙያ የራሱን የኃይል መለኪያ በገበታዎቹ መካከል አድርጎ የመኪናውን ቍጥር ከመለኪያው ጋር ያስተያያል፤ አንደኛ ክፍል ለሚባለው መኪና የሚፈቀደው ስሕተት ከመቶ አንድ ነው። ስለዚህ በግዢው ገንዘብ ውስጥ የመጀመሪያው ማረጋገጫና የሚከተሉት ዓመታት ወጪ አብሮ ይያዝ። አንድ መኪና በኹለት ዞኖች መካከል እየተመላለሰ ይሥራ የሚል አሳብ የሚቀርብ እንደ ኾነ፥ ተፈትቶ በተወሰደ ቍጥር የሚከፈለው የማረጋገጫ ዋጋና የሚባክነው ጊዜ ይቈጠር።

በመኪናው አጠገብ አንድ መዝገብ ይቀመጥ። በመሠረቱ አራት ማዕዘኖች ላይ የናስ ምስማር ተተክሎ፥ ከቤቱ ውጭ በጽኑ መሬት ላይ ከተተከለ ሌላ ምልክት ጋር ከፍታቸው ይለካ። ይህ ልክ በዓመት ኹለት ጊዜ፥ በመስከረም ክረምቱ ሲወጣና በግንቦት በጋው ሲያልቅ፥ ከመካኒኩ ውኃ ልክ ንባብ ጋር ይጻፍ። የወለሉ ስንጥቅ ኹሉ ጫፉ በቀለም ምልክት ተደርጎበት ቀኑ ይጻፍበት። የምስማሮቹ ከፍታ እርስ በርሱ የተለያየ ወይም ውኃ ልኩ ከተፈቀደው በላይ ያዘነበለ እንደ ኾነ፥ መኪናው ተስተካክሎ እንደገና እስኪረጋገጥ ድረስ የምስክር ወረቀት መስጠት ይቁም፤ ከመጨረሻው ትክክለኛ ልክ በዃላ የተሰጡት ወረቀቶችም ለየትኛው ግድብና ለየትኛው ግንብ እንደ ኾኑ ተለቅመው ለመሐንዲሱ ይላኩ።